ያልተቆረጠው ጫፍ

ቁጥር 14
ጥቅምት 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝህ። እኔና ጋሼህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆኑት አበቦቼ ናቸው። የሰሞኑ ውርጭ አንድም ሳያስቀር ጠበሳቸው። ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ ጥቁር ጨርቅ የተሰጣ ነበር የመሰለኝ። ጋሼህ ከሥራ ክፍሉ ደጃፍ ቆሞ፣ «በየዓመቱ ሐዘን ከምትቀመጪ ድንጋይ ተክለሽ አታርፊም?» አለኝ። ሰዓት ሠሪ ምን አለበት! የእሱ ነገር ቢቆም ፈታቶ ያስነሳዋል፤ የእኔ ከሞተ ሞተ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቷል። ሃያ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ምን ያድርግ? ለአንተ የምጽፈውን ሁሉ ቁጥር እየሰጠሁ፣ አንተ የምትልከውንም በፋይል እያሰርኩ አስቀምጣለሁ። ጋሼህ «ሚስት አገባሁ ብዬ መዝገብ ቤት አገባሁ» እያለ ይስቃል።

የአትክልት ወዳጆች ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ የየሰዉን ግቢ እየዞረ ይጎበኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ በር ላይ ሲደርሱ «የእርስዎ ደግሞ ለከርሞ ይሁን» ብለው ያልፋሉ። ዘንድሮ ሊቀ መንበሯ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና ስትስቅ ሰማኋት። ሰማሁ ስልህ ሰማሁ። አንተ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ውለህ የምታመሽ ሰው ነህ፤ ብርድ የማይደፍረው ነገር ከዚያ አይጠፋም። ለአክስትህ ፈልግላት።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፤

እንዴት ከረምሽ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ ወረቀቱን የማሰሮ ካርቶን ላይ አስደግፌ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ነው የቀረው።

ፖስታው ውስጥ ስልሳ ዘር አለልሽ። አጋቬ ይባላል፤ ያ ገመድ የሚሠራበት የቃጫ ዘመድ ነው። ይኸኛው ግን የተራራ ልጅ ነው፤ አመዳይ ቢለብስም ከነመፈጠሩ አያውቀውም። ዘሩ ጥቁርና እንደ ወረቀት ስስ ነው። መሐሉ ነጭ ካገኘሽ ጣይው፤ ባዶ ነው። ከአፈሩ ይልቅ ጠጠሩና አሸዋው ይብዛ። ላዩ ላይ በትኚና ስስ አሸዋ አልብሺው፤ ላስቲክ ሸፍነሽ እርጥበት እንዳይለየው አድርጊ። በሁለት በሦስት ሳምንት እንደ ሽንኩርት ቀጥኖ፣ የዘሩን ቅርፊት እንደ ባርኔጣ ጫፉ ላይ ደፍቶ ብቅ ይላል። ባርኔጣውን አታውልቂበት፤ ራሱ ያወልቀዋል።

ብርድ ብቻውን አይገድለውም፤ ውሃም ብቻውን አይገድለውም። ሁለቱ ተባብረው ሲመጡ ነው የሚያልቅለት። ስለዚህ ስትተክዪው ውሃ የሚሸሽበት ተዳፋት ላይ ይሁን። ደግሞ ታገሺ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከአውራ ጣትሽ አይበልጥም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሲያድግ በየቅጠሉ ጫፍ ላይ እንደ ወስፌ ያለ እሾህ ያወጣል። ሰው ከሚያልፍበት ራቅ አድርገሽ ትከዪው፤ ሌላ ቦታ ከሌለሽ ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ቁረጪው፤ ተክሉን አይጎዳውም። እዚህ አንዱን ሠራተኛ እጁን ወግቶት ሦስት ሳምንት ተኝቷል። አደራ።

ደወሉ ተደወለ። ጋሼን ሳሚልኝ።

የአንቺው ችኩሌ


ቁጥር 16
ሚያዝያ 17

ለችኩሌ፤

እንኳን ደስ አለህ፤ የአርባ አንድ ልጆች አያት ሆነሃል! አርባ አንዱ በቅለው አሥራ ሁለቱ ግንዳቸው እየቀጠነ ተኙብኝ፤ ሃያ ዘጠኙ ግን እንደ ወታደር ቆመዋል። ውሃ አብዝቼባቸው እንደነበር ገብቶኛል።

ጋሼህን ብታየው ትስቅ ነበር። «ለዚህች ሣር ነው ቤቱን ሁሉ አሸዋ ያደረግሽው?» ሲል ከርሞ፣ ወደየማሰሮው ማዛወር ሲመጣ የእኔ ጣት ወፈረባቸው። «ዞር በይ» አለና ያቺን ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ በሰዓት መፍቻ ወረንጦው አንድ በአንድ አነሳቸው። ሃያ ዘጠኙንም! አንዲት ሥር አልበጠሰም። ሲጨርስ፣ «ይህ ዓይን የሴት ሰዓት ብሎን ያነሳል፤ ሣር ያቅተዋል?» ብሎ ተኮፈሰብኝ። ዓይኑን ሳምኩት። ለሰው እንዳትናገር፤ በዚህ ዕድሜያችን ያስቃል።

ጤና ይስጥህ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ።

አክስትህ


ቁጥር 29
መስከረም 20

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ብዙ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቼህ አይደለም። አሁን አራተኛ ዓመታቸው ነው። ብታያቸው! ብረት የመሰለ ሰማያዊ ቅጠል፣ በጀርባው ላይ የጎረቤት ቅጠሉ ጥርስ እንደ ማኅተም የታተመበት። ጎረቤት ሁሉ «እሬት ነው ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም «ወይ እሬት! ይኸማ ክቡር ሰው ነው» እላለሁ።

የተከልኳቸው ከቤቱ ወደ ጋሼህ የሥራ ክፍል በሚወስደው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ነው። ተዳፋቱ ያ ብቻ ነው፤ ውሃው አይቆምም፤ ከአጥሩ ውጭም ይታያል። ጋሼህ «በጦር መሐል ነው ሥራ የምገባው» እያለ ያማርራል። ጉብኝቱ እስኪያልፍ ታገሠኝ ብዬዋለሁ። የማኅበሩ ሰዎች የዚህን ወር መጨረሻ ቅዳሜ እንደሚመጡ አስታውቀውኛል። ችኩሌ፣ ዘንድሮ በኔ በር አያልፉም!

ፎቶ አነሣና እልክልሃለሁ። አምላክ ይጠብቅህ።

አክስትህ


ጥቅምት 25

እትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደስታሽ ከወረቀቱ ላይ ዘሎ ነው የወጣው። ጉብኝቱ እንዴት ሆነ? ፎቶውን በጉጉት እየጠበቅሁ ነው፤ ለኃላፊያችን ነግሬው «የአክስትህን አጋቬዎች አሳየኝ» እያለኝ ነው። በነገራችን ላይ እሱ ሊዛወር ነው፤ የክፍሉን ኃላፊነት ለእኔ ሊሰጡኝ አስበዋል። ዘጠኝ ዓመት ማሰሮ ተሸክሜ አሁን ቁልፍ ልሸከም ነው። ለጋሼ ንገሪልኝ።

ችኩሌ


ጥር 6

እትዬ፤

ለሁለት ደብዳቤ መልስ አላገኘሁም። ያንቺ መልስ እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም። ፎቶው ይቅርብኝ፤ ጉብኝቱም ይቅር። ደህና መሆናችሁን ብቻ በአንድ መስመር ጻፊልኝ።

ችኩሌ


የካቲት 11

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳልጽፍ የቆየሁት ችግር ደርሶብን ነው።

ጉብኝቱ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጋሼህ አንድ የእጅ ሰዓት በፀሐይ ብርሃን ሊያየው ይዞት ወጣ። መተላለፊያው ላይ አንዲት ብሎን አመለጠችው። እንደምታውቀው እሱ ሲፈልግ አፍንጫው መሬት እስኪነካ ነው። ተንበርክኮ ጎንበስ ሲል የአጋቬው ጫፍ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ሐኪም ቤት አምስት ሳምንት ተኛ። ሁለት ጊዜ ቀደዱት። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ዓይኑም ጠፋ። ያ መነጽር የሚሰካበት ዓይኑ ነው። አሁን ቤት ገብቷል። ሥራ ክፍሉ ተዘግቷል።

እሱ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ እህቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «ይህን የመሰለ ነገር ሰው መተላለፊያ ላይ ማን ትከሉ አላችሁ? የላከው ሰው አደገኛ ነው አላለም?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ እሾሁ የጻፍክልን ነገር የለም አልኳት። ምን ልበላት? አንተ ሥራ ይበዛብሃል፤ በጥድፊያ ነው የምትጽፈው። ሰው ነህ፤ ትረሳለህ። አልፈርድብህም።

ለራስህ ተጠንቀቅ።

አክስትህ


መጋቢት 3

እትዬ፤

ምን ብዬ ልጀምር። ደብዳቤሽን ችግኝ የምናሳድግበት መስታወት ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ በእነዚያ ተክሎች መሐል ማለፍ አቃተኝ።

የጻፍኩልሽ ይመስለኝ ነበር። እዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እሱ ነው፤ ጫፍ ቁረጥ ነው። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያን ቀን ደወሉ ሊደወል ሲል እንደጻፍኩ ትዝ ይለኛል። ልጽፈው አስቤ ሳልጽፈው ቀርቼ ይሆናል። ችኩሌ ያልሽኝ በከንቱ አይደለም። ምናልባት ጽፌው ከሆነ ብዬ እንድትፈልጊልኝ ልጠይቅሽ ነበር፤ ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። አንቺ የለም ካልሽ የለም፤ ያንቺ ፋይል አይዋሽም።

የክፍሉን ኃላፊነት አልቀበልም ብያለሁ። ለገዛ ቤተሰቤ ያላስጠነቀቅሁ ሰው በሃያ ሠራተኛ ላይ ልሾም? አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር የጋሼን ነገር እነግረዋለሁ፤ «እኔ አንድ መስመር ባለመጻፌ የሰው ዓይን ጠፋ» እላለሁ። ያን ጊዜ ጫፉን ይቆርጣሉ።

ለጋሼ የጠረጴዛ መብራት ልኬላቸዋለሁ፤ ሰፊ ማጉያ መስታወት አለው፤ በአንድ ዓይንም ይሠራል። ዓይናቸውን አይተካም፤ አውቃለሁ። ይቅር እንዲሉኝ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። አንቺ ለምኚልኝ።

ችኩሌ


ቁጥር 30
ሰኔ 14

ለእህቴ ልጅ፤

ፋይሌ አይዋሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ እዚሁ ፊቴ ነው። ታኅሣሥ 2 የተጻፈ፤ የፋይል ቁጥሩን በራሴ እጅ በቀይ ጽፌበታለሁ። ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦ «ሰው ከሚያልፍበት ራቅ አድርገሽ ትከዪው፤ ሌላ ቦታ ከሌለሽ ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ቁረጪው፤ ተክሉን አይጎዳውም።» «አደራ» የሚል ቃልም አለበት። ጽፈህልኛል። አንብቤዋለሁ። አልረሳሁትም።

ከዚህ የባሰ አለ። ጋሼህ ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት ሁለት ጊዜ «እነዚህን ጦሮች ቁረጫቸው፤ አንድ ቀን ይወጉኛል» ብሎኛል። እኔ ደግሞ «ጫፉ ከተቆረጠ ጥፍሯ እንደወለቀ ድመት ነው የሚመስለው፤ ቅዳሜ ይለፍና እቆርጠዋለሁ» አልኩት። ሐሙስ ነው የወጋው።

እህቱ ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ነበር። ያን ጊዜ ለአንዲት ቀን መሸሻ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ተናግሬዋለሁና ጻፍኩት፤ ከጻፍኩት በኋላ ደግሞ እውነት እስኪመስለኝ ያዝኩት። ያን ደብዳቤ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ እጄ እንቢ አለኝ። የሹመትህን ነገር ሳነብ መናገር ነበረብኝ። ሦስት ወር ዝም አልኩ። ለዚህ ምክንያት ልደረድርልህ ሞክሬ ነበር፤ አንዱም ምክንያት አይባልም።

መብራቱ ደረሰ። ጋሼህ አበራውና ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱ ፈካ። «ይህ ልጅ ምን በድሎ ነው እንዲህ የሚክሰን?» አለኝ። ከዚያ «እስቲ የጻፈውን አምጪ፤ በመብራቱ ራሴ ላንብበው» ብሎ ከፋይሉ ላይ ሲያነሳ ከእጁ ነጠቅሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ስንኖር ከእጁ ነገር ነጥቄ አላውቅም። አየኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። መብራቱን አጠፋ፤ ልብሱን ሸክፎ እህቱ ቤት ሄደ። ይኸው አምስት ቀኑ።

የማኅበሩ ሰዎች ያን ቅዳሜ መጥተው ነበር። እኛ ሐኪም ቤት ነን። በአጥሩ ላይ አይተው በበሩ ሥር ወረቀት አሾልከው ሄደዋል። «ከሁሉ የላቀ ግቢ» ይላል።

ልጄ ብዬ ልጠራህ አልደፍርም። ለኃላፊህ ይህን ደብዳቤ አሳየው፤ እንደ ማስረጃ እንዲሆን ፈርሜበታለሁ።

አክስትህ


ኅዳር 8

ለችኩሌ፤

ይህን የምጽፍልህ እኔ ጋሼህ ነኝ። በአምስት ወር አንድ መስመር አልጻፍክም፤ አልወቅስህም። እሷ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ፖስታ ቤት እየሄደች ባዶ እጇን ትመለሳለች። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ከሩቅ ሲያያት ነው አሁን ራሱን የሚነቀንቅላት።

እህቴ ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ልታጎርሰኝ ሲቃጣት ተነሥቼ ወጣሁ። ስመጣ መተላለፊያው ላይ ናት፤ በዶማ ተክሎቹን እየነቀለች፣ ክንዷ ሁሉ ደም በደም። ግማሾቹን ጨርሳለች። «ተይ» አልኳት። «ለምን?» አለች። «የእኔ ወረንጦ ነው ያነሳቸው፤ እኔን ሳትጠይቂ አትነቅዪም» አልኳት። መቁረጫ አመጣሁና የቀሩትን ጫፋቸውን አንድ በአንድ ቆረጥን። እኔ በእጄ እየዳሰስኩ፣ እሷ እያለቀሰች። ድመትም አልመሰሉም፤ ምንም አልሆኑም።

ልንገርህ፤ «የማንም ጥፋት አይደለም» የምል ጻድቅ አይደለሁም። ጥፋቱ የእሷ ነው። በአንተ ማላከኳ ደግሞ ከዓይኔ ይልቅ አንገብግቦኛል፤ ዓይኔን ሳታስበው ነው ያጠፋችው፣ አንተን ግን አስባበት ነው የወነጀለችህ። ይህን በአፌ ነግሬያታለሁ።

አንድ ነገር ግን እኔም ደብቄ ነበር። ቁረጪ ብያት እንቢ ስትል መቁረጫው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ለቅዳሜዋ ስትፈነጥዝ አየሁና ደስታዋን ላጠፋ አልፈለግሁም። ትናንት ይህንንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ይህን ለእኔ ማቅለያ ብለህ ነው» አለች። አይደለም አልኳት። አይደለምም።

አሁን የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው የምሠራው። ትልቅ ነው፤ ብሎኑም እንደ ምስማር ነው። መብራትህ ያገለግለኛል። የአንተን ንዴት ለአንተ እተወዋለሁ፤ ብቻ ዝምታው ይብቃ። ስደባትም ቢሆን ጻፍላት።

ጋሼህ


ጥር 19

እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጋሼስ እንዴት ናቸው?

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። እጄ ሰላምታውን ማለፍ እንቢ አለ። ስለዚህ ሰላም ብዬሻለሁ፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ሳላለሳልስ እጽፋለሁ።

ተናድጄብሻለሁ። አራት ወር ሙሉ ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማየው የጋሼን ዓይን ነበር። አዲስ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ ራሴን ወንጀለኛ አድርጌ ስተርክ አንቺ እዚያ ፋይልሽን ታቅፈሽ ተቀምጠሽ ነበር። ያ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አይመለስልኝም። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ እንጂ እንድትከፍዪኝ አይደለም።

ደብዳቤሽን ለኃላፊዬ አላሳየሁም። በቃሌ ብቻ «ለካ ጽፌላት ነበር» አልኩት። «ታዲያ ምነው ደስ አላለህ?» አለኝ። እኔም ደስ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ከላዬ ላይ ሸክም ተነሥቶ የት እንደ ወደቀ ሳስብ ግን አንቺ ላይ ነው የወደቀው። አንቺ ደግሞ እናቴ ስትሞት አንሥተሽ ያሳደግሽኝ ሴት ነሽ። እንዴት ደስ ይበለኝ?

ጋሼ ስደባት ብለውኛል። ሰደብኩሽ፤ እስከዚህ ድረስ ያለው እሱ ነው።

በሚያዝያ የአንድ ወር ፈቃድ ወስጄአለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ በፖስታ አልልክም፤ በወረቀት ላይ እኔም አንቺም ብዙ ዋሽተናል፤ አንቺ እኔን፣ እኔ ደግሞ «ደህና ነኝ» እያልኩ። ይቅርታው ካለኝ ይዤው እመጣለሁ፤ ከሌለኝም ፊት ለፊት ተቀምጠን እነግርሻለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እንፈልገዋለን።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስደርስ ጋሼን ልከሽ አንቺ ጓዳ እንዳትገቢ። በሩን ራስሽ ክፈቺልኝ።

ችኩሌ